የቆዳ ቀለም በጣሳ አይሸጥም



የእጅ ሥራ ዓምዳችን በዚህ ወር ከስፌትና ከጥልፍ ወጣ ብሎ በተለይ ወጣቶችን የሚመለከት ርዕስ ይዞ ቀርቧል። ወላጆችም እንድታነቡት እንጋብዛለን። ነገሩ ከልጆች መጫወቻ ቢጀምርም የሚያበቃው ከዚያ ራቅ ብሎ ነውና።

በገጠር ያደገ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከብት ሲጠብቅ በወንዝ ዳር ጭቃ አድቦልቡሎ በሬ ያልሠራ፣ ለበሬውም ቀንበር ያላበጀ ልጅ ጥቂት ነው። የከተማው ልጅ ደግሞ ከሽቦ መኪና ጠምዝዞ በቆርኪ ጎማ ነድቷል። ትልቁን ዓለም አሳንሶ በእጅ መዳፍ ላይ የማስቀመጥ ፍላጎት በየትም አገር አለ። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ይኸው ፍላጎት አድጎ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ከፕላስቲክ ወይም ከሬዚን የተሠሩ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች፣ ቤቶችና የሰው ቅርጾች ሳይቀቡ በካርቶን ይሸጣሉ። ገዢው ራሱ ይገጣጥማቸዋል፤ ራሱም ይቀባቸዋል። በስፋት ከሚታወቁት መጠኖች አንዱ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰው ነው። 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሰው በዚህ ልክ ሲሠራ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ጭንቅላቱም ከአተር ፍሬ አይበልጥም።

የልጃችን ጥያቄ

ከጥቂት ወራት በፊት ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ለአንዱ ልጃችን እንዲህ ያለ ካርቶን በስጦታ አመጣለት። በውስጡ አንድ የጭነት መኪናና ሁለት ሠራተኞች፣ ከጥቂት የቀለም ጠርሙሶች ጋር ነበሩበት። በአንደኛው ጠርሙስ ላይ «የሥጋ ቀለም» የሚል ትርጉም ያለው ቃል በባዕድ ቋንቋ ተጽፏል። ልጁም እንደ ተጻፈው የሁለቱን ሰዎች ፊትና እጅ ቀባ። ቀለሙ ሲደርቅ ፈዛዛ ሮዝ ሆነ። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ካየው በኋላ፣

«አባባ፣ እኔ የኛ አገር ወዛደሮች እንዲሆኑ ነበር የፈለግሁት። የኛ ቆዳ የሥጋ ቀለም አይደለም እንዴ?» ሲል ጠየቀን።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ የሰጠነው መልስ የረባ አልነበረም። «ቡናማውን ቀባባቸዋ!» አልነው። እሱም ቡናማውን ከጠርሙሱ እንዳለ ቀባባቸው። ሠራተኞቹ ግን ሰው መምሰላቸው ቀርቶ ከእንጨት የተጠረቡ የወንበር እግሮች መሰሉ። ልጁ ቅር ብሎት ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ከተተው።

ይህ ነገር ከነከነን። አንድ ልጅ ሰው የሚባለው መልክ የሌላው ብቻ እንደ ሆነ፣ የራሱ መልክ ግን ሲሞከር የሚበላሽ ነገር እንደ ሆነ አድርጎ ቢይዘው ጥፋቱ የጠርሙሱ ብቻ አይደለም። የኛም ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥር ጀምረን አጠናነው።

ስም ያወጣው ማን ነው?

ጥያቄው የኛ ልጅ ብቻ እንዳልነበረ ተረዳን። በአሜሪካ ክራዮላ የተባለው የሰም ከለር አምራች አንዱን ፈዛዛ ሮዝ ለረጅም ጊዜ «የሥጋ ቀለም» እያለ ሲሸጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ስሙን በኮክ ፍሬ ተክቶታል። ያው ድርጅት በ2020 የልዩ ልዩ ሕዝቦችን የቆዳ መልክ የሚወክሉ 24 ከለሮችን በአንድ ካርቶን አውጥቷል። በደቡብ ኮሪያም የአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በ2002 «የሥጋ ቀለም» የሚለው ስያሜ አድልዎ እንዳለበት ገልጾ እንዲለወጥ አሳሰበ። ስሙ ተለወጠ፤ አዲሱ ስም ግን ለሕፃናት የማይገባ ከባድ ቃል ነበር። በዚህ ጊዜ አቤት ያሉት ሕፃናቱ ራሳቸው ናቸው። በ2005 ቀለሙ አፕሪኮት በተባለው ፍሬ ስም እንዲጠራ ተደረገ።

ይህን ያነሳነው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ጣሳውን የሰየመው ሰው መስተዋት ፊት ቆሞ የራሱን መልክ አይቶ ሰየመው። ስህተቱ መስተዋቱ ሌላ ሰው የማያሳይ መምሰሉ ላይ ነው። የኛን ቋንቋ ያየን እንደ ሆነ ለቆዳ አንድ ስም ብቻ አልሰጠም፤ ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ፣ ቀይ እያለ ይዘረዝራል። በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ የአንድ እናት ልጆች እነዚህን ስሞች ሁሉ ሊከፋፈሉ ይችላሉ።

ብሩሽ ከማንሳታችን በፊት

ከአንባብያን መካከል «የሰውን ቅርጽ መሥራትና መቀባት ራሱ በሸሪዓ እንዴት ነው?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነፍስ ያላቸውን ነገሮች በሚቀርጹ ሰዎች ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ የያዙ ሐዲሶች እንዳሉ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በአሻንጉሊቶች ትጫወት እንደ ነበርና ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አይተው እንዳልከለከሏት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ከመጫወቻዎቿ መካከል ክንፍ ያለው ፈረስ እንደ ነበረ በአቡ ዳውድ ዘገባ ይገኛል። ከዚህ ተነሥተው ብዙ የፊቅህ ሊቃውንት የልጆችን መጫወቻ ከክልከላው ለይተው ያዩታል። ነገሩን ያጠበቁም አሉ። ለክብር ተብሎ ከፍ ባለ ቦታ የሚቆም ሐውልትና ልጅ የሚጫወትበት ነገር አንድ እንዳልሆኑም ያስተምራሉ።

እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። ልቡ ያልረጋለት ሰው ደግሞ ሰፊ መንገድ አለው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሥዕል በመሥራት የሚተዳደርን ሰው ዛፍና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ መክረውታል። መኪናው፣ ግድግዳው፣ ዛፉ፣ ጆንያው ሁሉ ይቀባል። ከዚህ በታች ስለ ቀለም ቅልቅልና ስለ አቧራ የምንለው ለነዚህም ያገለግላል።

ከየትኛው አፈር?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሩም 22ኛው አያ የቋንቋዎቻችንንና የመልኮቻችንን መለያየት ከተአምራቱ ቆጥሮታል። አቡ ሙሳ አል አሽዓሪ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ ደግሞ አደም ከምድር ሁሉ በታፈሰ አንድ እፍኝ አፈር እንደ ተፈጠሩ፣ ልጆቻቸውም እንደ አፈሩ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁርና በመካከሉ ያለ ሆነው እንደ መጡ ያስረዳል።

ቀለም ስናደባልቅ ይህ ሐዲስ ትዝ አለን። የሰውን ቆዳ ለመምሰል የሚያገለግሉት ዋነኞቹ ቀለማት በእርግጥም አፈር ናቸውና። ኦከር የሚባለው ቢጫ ቀለም የብረት ዝገትና ውሃ የተዋሐዱበት አፈር ነው። በእሳት ሲጠበስ ውሃው ይለቀውና ወደ ቀይ ይለወጣል። ሲዬና በጣልያን ከተማ ስም የሚጠራ፣ ሲጠበስ ቀይ ቡናማ የሚሆን አፈር ነው። ኡምበር ደግሞ ከብረቱ ጋር ማንጋኒዝ ስላለበት ይበልጥ ይጠቁራል። የሰው ልጅ እነዚህን አፈሮች ማወቁም ትናንት የጀመረ አይደለም። በአገራችን በድሬዳዋ አጠገብ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውስጥ ወደ 40,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው፣ ከ4,000 በላይ የኦከር ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። ክብደታቸው በጠቅላላው ወደ 40 ኪሎ ግራም ይሆናል።

የቆዳችን መልክ የሚመጣው ሜላኒን ከተባለው ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር በሰው ዘር ሁሉ ዘንድ ያለ ሲሆን የሚለያየው መጠኑና ዓይነቱ ነው። ከሥሩ ደግሞ የደም ቅላት ያልፋል። ስለዚህ «ጥቁር» በምንለው ሰው ፊት ላይ እንደ ከሰል ያለ ጥቁር አይገኝም፤ «ነጭ» በምንለውም ላይ እንደ ወረቀት ያለ ነጭ የለም። ሁሉም ከቡናማ፣ ከቢጫና ከቀይ የተቀመመ ነው።

አሠራሩ

በመጀመሪያ እጃችሁን አውጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን ተመልከቱ። የእጃችሁ ጀርባና መዳፋችሁ አንድ ቀለም አይደሉም። የጣት አንጓዎች ይጠቁራሉ፤ ጥፍሮች ይፈካሉ። ይህን ያላየ ሰው ቀለም ቢገዛ ገንዘቡን ያባክናል። ቀጥሎ፦

1ኛ. ቅርጹን በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጥቡና አድርቁት። ከፋብሪካ የሚመጣ ቅባት ካለበት ቀለም አይይዝም። ከዚያ ግራጫ ወይም ቀይ ቡናማ መነሻ ቀለም በስሱ ይቀባ። ለጠቆር ያለ ቆዳ ቀይ ቡናማው ይመረጣል።

2ኛ. ለጠይም መልክ ከተጠበሰ ኡምበር 3 ጠብታ፣ ከቢጫ ኦከር 2 ጠብታ፣ ከቀይ ቡናማ 1 ጠብታ አደባልቁ። ለጥቁር መልክ ኡምበሩን፣ ለቀይ ዳማ ኦከሩን ጨምሩ። የኛን ልክ ሕግ አታድርጉት፤ መስፈሪያው የገዛ እጃችሁ ነው። ቀለሙ በውሃ ቀጥኖ እንደ ወተት ይሁንና ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ የቀባ ሰው አፍንጫና ከንፈሩን ይደፍነዋል።

3ኛ. ለጥላ፣ ማለትም ለዓይን ጉድጓድ፣ ለአንገት ሥር፣ ለጣቶች መካከል፣ ጥቁር አትጠቀሙ። በመነሻው ቅልቅል ላይ ጥቂት ጥቁር ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ጨምሩበት። ጥቁር ቀለም ፊትን ያሞተዋል፤ ሰማያዊው ግን ጥልቀት ይሰጠዋል።

4ኛ. ብርሃን ለሚያርፍበት ግንባር፣ የአፍንጫ ጀርባ፣ ጉንጭና አገጭ ደግሞ ነጭ አትጠቀሙ። ጠይም ቆዳ ላይ ነጭ ሲገባ ሰውየው ቅባት ያላገኘ አመዳም ይመስላል። የመጀመሪያው ጥፋታችን ይህ ነበር። ኦከርና ትንሽ ብርቱካንማ ይበቃል። የሚያስገርመው ግን ያ «የሥጋ ቀለም» የተባለው ፈዛዛ ሮዝ እዚህ ላይ ጥሩ አገልጋይ ሆኖ መገኘቱ ነው። አንድ ጠብታ በቡናማው ላይ ሲጨመር ብርሃኑን ሳያገረጣ ያወጣዋል። የጠርሙሱ ችግር ስሙ እንጂ ቀለሙ አልነበረም።

5ኛ. መዳፍና የውስጥ እግር ፈካ ይበሉ። የታች ከንፈር በጥቂቱ ወደ ቀይ ያድላ። ዓይን ላይ ንጹሕ ነጭ ከገባ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል፤ ስለዚህ ለዓይን በስቴኪኒ ጫፍ አንዲት ጠቆር ያለች መስመር ማስመር ይበቃል። ሲደርቅ የማያብለጨልቅ ቫርኒሽ ይቀባና ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ለስላሳ ወዝ ይተውለት። ጠቆር ያለ ቆዳ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያምረው በወዙ ነውና።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ትንሽ ነገር ከትልቁ ይልቅ ጠቁሮ ይታያል። በጠርሙሱ ውስጥ ልክ የመሰላችሁ ቀለም በአተር ፍሬ ላይ ሲያርፍ ይጨልማልና ከመጀመሪያው ትንሽ አፍኩት።

አቧራውና ዝገቱ

አዲስ የተቀባ መኪና የሱቅ ዕቃ ይመስላል። ሥራ የዋለ እንዲመስል የፀሐይን፣ የዝናብንና የመንገድን አሻራ ማሳረፍ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ቆሻሻ ምክንያት ይኑረው። ቀለም የሚላጠው እጅና እግር በሚነካው ቦታ ነው፤ በበር እጀታ ዙሪያ፣ በመወጣጫው ላይ፣ ጭነት በሚፈጋው ጠርዝ ላይ። ለዚህ የተቀደደ ስፖንጅ በጥቁር ቡናማ ነክራችሁ፣ በወረቀት ላይ ካራገፋችሁ በኋላ ነካ ነካ አድርጉ። የዝገት ውሃ ወደ ታች ይፈሳል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። ጭቃ የሚረጨው ከጎማ ኋላ ነው። ጥቀርሻ የሚገኘው በጭስ ማውጫው አፍ ነው።

አፈሩንም አገሩን ምሰሉት። የቀይ አፈር አገር መኪና ቀይ አቧራ ይለብሳል፤ የዋልካ መሬት ጭቃ ግን ጥቁር ነው፣ ሲደርቅ ወደ ግራጫ ይሄዳል። የደጃችሁን አፈር በስስ ሻሽ ነፍታችሁ፣ በውሃ በቀጠነ ኮላ ብታጣብቁት ከሚሸጠው ዱቄት አያንስም። በምትነፉበት ጊዜ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ብሩሽንም በምላስ ማሾል የብዙ ጀማሪዎች ልማድ ነውና ተጠንቀቁ፤ አንዳንድ ቀለማት መርዝ አለባቸው። ታናናሽ ወንድሞችና እህቶች ካሉ ጠርሙሶቹን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

በልብስ ላይም እንዲሁ ነው። ትከሻ በፀሐይ ይለቃል፤ ጉልበት ይሳሳል፤ የሱሪ ጫፍ አቧራ ይይዛል። ጆንያ የሚሸከም ሰው ዱቄቱ የሚቀርበት በትከሻውና በማጅራቱ ላይ ነው።

የአያት ዓይን

ልጃችን ካርቶኑን ከአልጋው ሥር አወጣውና እንደገና ጀመረ። ቅልቅሉን አራት ጊዜ ደፍቶ በአምስተኛው ያዘለት። የአንደኛው ሠራተኛ ፊት በእርግጥ የጠይም ሰው ፊት ሆነ። ልጁ በደስታ ብዛት አቧራውን አላቆመም። መኪናውን በመጠኑ ነክቶት ወዛደሩን ግን ከግንባሩ እስከ ተረከዙ በጭቃ ለወሰው።

አያቱ መነጽራቸውን አድርገው ትንሿን ሰው በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩና፣

«የኔ ልጅ፣ ጎሽ፤ መልኩስ ደርሶልሃል። ግን ይህ ሰውዬ ዉዱእ አያደርግም እንዴ?» አሉት።

ሁላችንም ሳቅን። በኋላ ስናስበው ግን ይህን የሚያህል ትምህርት በዚያ ሁሉ ጥናታችን ውስጥ አላገኘንም። ቀኑን ሙሉ ጭነት ሲያወርድ የሚውል ሙስሊም ወዛደር ሸሚዙ ጨው የጣለ፣ ሱሪው አፈር የጠገበ ሊሆን ይችላል። ፊቱ፣ ክንዱ እስከ ክርኑ፣ እግሩም እስከ ቁርጭምጭሚቱ ግን ዙሁርና ዓስር ላይ ታጥቧል። አቧራው የሚቆመው ክርኑ ላይ ነው። ልጁ እርጥብ ብሩሽ ይዞ የሰውየውን ፊት ጠረገለት፤ ክንዱንም ጠረገለት። ከጭቃው ሥር የራሱ ወዝ ወጣ። በዚያች ቅጽበት አሻንጉሊቱ ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ በሠፈራችን የምናውቀውን ሰው መሰለ። ስሙን ሳንጠይቀው በየዕለቱ የምናልፈውን ሰው።

ወላጆች ሆይ! ልጆች ድካምን ከቆሻሻነት ጋር የሚያምታቱት እኛ ስለምናምታታ ነው። የሠራተኛን ሰው ፊት በቅርብ ሳናይ «ወዛደር» ስንል በዓይነ ልቡናችን የምንስለው ጭቃውን ብቻ ነው። ወጣቶችም የምትቀቡትን ሰው አስቀድማችሁ እዩት። ሰላምታ ስጡት፤ ከየት እንደ መጣ፣ ቀኑ እንዴት እንደ ዋለ ጠይቁት። ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይቀላል።

ልጃችን ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ነገር አደረገ። በፈዛዛው ሮዝ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ለጥፎ «ፈዛዛ ሮዝ» ብሎ ጻፈበት። ቅልቅሉን ደግሞ በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ቋጥሮ «ጠይም» አለው። ጥቂት ቆይቶ ታናሽ እህቱ እጇን ከብልቃጡ አጠገብ አስጠግታ «የኔ አይደለም፤ እኔ ቀላ እላለሁ» አለችው። እሱም ሌላ ብልቃጥ ሊፈልግ ተነሣ። ወዛደሮቹም መደርደሪያ ላይ አልወጡም፤ ከመኪናቸው ጋር ወደ ካርቶናቸው ገብተው በየጊዜው ለጨዋታ ይወጣሉ።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ በሌላ የእጅ ሥራ እስክንገናኝ ድረስ ሰላም ሁኑ። ወቢላሂ ተውፊቅ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።